ዋርካው ስር የጠየቅኩት

ረቡዕ

ሽማግሌዎቹ ዛሬም መጡ። ለጉማው፣ ለደም እርቁ፣ ቅዳሜ ቀን ተቆረጠ። የቆረጡት ከሟቹ ባለቤቴ ወንድም ከኦቦ ፈይሳ ጋር ነው። እኔ ጓዳ ሆኜ ሰማሁ። አንዱ «እናቲቱስ?» አለ። ፈይሳ «ዝም ብላለች፣ ተስማምታለች» ብሎ መለሰ። ዝም ያልኩት ስላልጠየቁኝ ነው።

ልጄን ቶላን የገደለው የጎረቤታችን ልጅ ገመቹ ነው። የሰፈሩ ወጣቶች ለአድማው ሱቅ ይዘጋ፣ አይዘጋ ብለው ሁለት ወገን ሆነው ሲፋጠጡ ቶላ መሀል ገብቶ እንነጋገር አለ። ገመቹ ድንጋይ ወረወረ።

ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

ሐሙስ

የቶላን ልብስ አጠብኩ። ማን ሊለብሰው እንደሆነ አላውቅም።

ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ሲመጣ ስለ አንድ ጀርመናዊ ፈላስፋ ያወራኝ ነበር፣ ድንች እየላጥን። ሰውየው በልጅነቱ አገሩ በጦርነት ስትፈርስ ያየ ነው። ሰው በጉልበት ሳይሆን በምክንያት ይተዳደር ይላል። ውሳኔ ልክ የሚሆነው የሚነካቸው ሰዎች ሁሉ ሳይፈሩ ተናግረው፣ ተሰምተው፣ አምነው ሲቀበሉት ነው ይላል።

«ለዚህ ነው ጀርመናዊ ያስፈለገህ? የኛ ሽማግሌዎች ዋርካ ስር ምን ሲያደርጉ ኖሩ?» አልኩት።

ሳቀ። «አንቺስ ዋርካው ስር ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ፣ ሀርሜ?»

እናቴ ማለቱ ነው። ልጣጩን ወረወርኩበት።

አርብ

ቅዳሜ ዋርካው ስር ከሽማግሌዎቹ ጋር እቀመጣለሁ፣ ገመቹንም እጠይቀዋለሁ ብዬ ለፈይሳ ነገርኩት።

«የቶላ እናት፣ ጉማ ላይ ሴት አትናገርም። ነገሩን ታበላሺብናለሽ።»

«የሞተው የኔ ልጅ ነው።»

«ካልታረቅን ልጆቼ ደም ለመመለስ ይነሳሉ። ሌላ ልጅ ልንቀብር ነው?»

እውነቱን ነው። ሌላ እናት እንድታለቅስ እኔም አልፈልግም። በኔ ዝምታ ላይ የቆመ እርቅ ግን ነገ ይፈርሳል።

ፈላስፋውንም ተቀየምኩት። ምክንያት ድንጋይ ይመልሳል? ልጄን ባዶ እጁን መሀል አስገባው።

ቅዳሜ

ሄድኩ። ወንዶቹ ከተቀመጡበት ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ፈይሳ እንዳላየ ሆነ። አንዱ ሽማግሌ «ደግሞ ይሄ ወግ ከየት መጣ?» ብሎ አጉረመረመ። ትልቁ ሽማግሌ ኦቦ ለሜሳ ግን «ትጠይቅ። ከእሷ በላይ ማንን ነካው?» አሉ። ከቶላ አፍ የሰማሁት መሰለኝ።

ገመቹ ከስቷል። ቀና አላለም።

«ስትወረውር ልጄ ምን እያለ ነበር?» አልኩት።

እንደ እናቱ አዴ ብሎ መለሰልኝ። «አልሰማሁትም፣ አዴ። ሁሉም ይጮህ ነበር።»

ቢዋሸኝ ይቀለኝ ነበር።

ኦቦ ለሜሳ «ትስማሚያለሽ?» አሉኝ። ይህን ጥያቄ ሰው ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነው። «ገና ነው» አልኩ። ለሌላ ቀን አስተላለፉት። የፈይሳ ልጆች እስከዚያ እጃቸውን ላያነሱ ማሉ።

እሁድ

ፈይሳ መጣ። ሊቆጣኝ መስሎኝ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ «ሌላ የምትጠይቂው አለ?» አለኝ። አለ አልኩት። ቁጭ አለ።

መጨረሻ ላይ የምስማማ ይመስለኛል። እርግጠኛ አይደለሁም። ቶላ ሲወድቅ ጀምሮ ያልጨረሰው ንግግር ነበር። እዚያ የነበሩትን ከሁለቱም ወገን እየዞርኩ እጠይቃለሁ። ከመሀላቸው ያለውን የሰማ አንድ ሰው ካለ።