ያለ ጠመንጃ ወደ እንሴኖ

የካቲት 18፣ 1966፣ ቡታጅራ
ነፋሱ አቧራውን እያስነሳ ዋለ። ከአዲስ አበባ ተምሬ የመጣሁትን ለፖሊሶቹ ማስተማር ቀጠልኩ። የተቆጣ ሰው እንዴት ይበርዳል? "ጠመንጃህን አስቀምጥ፤ ቅረብ፤ ድምፅህን ዝቅ አድርግ።" አስር አለቃ አለሙ... ሚስቱ ስትጮህበት ሰፈሩ ሁሉ የሚሰማት፣ እሱ ነው ደግሞ የሚቀልደው።
"ሃምሳ አለቃ፣ ጡጦም ይታደለን እንጂ!"
ግቢው በሳቅ ሞላ። ይሳቁ። ባለፈው ወር ተኩሰው የገደሉት ገበሬ ግን አይስቅም። አዛዣችን ሻምበል ባልቻ አንድ ጊዜ ሞክር ብለውኛል። ካልሆነ ጠመንጃው ይመለሳል።

የካቲት 25
ነገ እንሴኖ። ባላባቱ ጭሰኞቹን ከመሬቱ ሊያስነሳ ነው፤ እነሱም መንገድ ዘግተዋል። ጠመንጃ አንይዝም። ከፖሊሶቹ ሀቢቡ የአገሬው፣ የመስቃን ልጅ ስለሆነ ከፊት ይሄዳል። ፈርቷል... እኔስ?

የካቲት 26
ከእንሴኖ ተመለስን።
አጀማመሩ ጥሩ ነበር። ኡሚ የሚሏት አሮጊት ከመሀል ወጥታ ነጠላዋን መንገዱ ላይ ዘረጋች። ሌሎቹም ሴቶች እንደዚያው። ገበሬዎቹ ዱላቸውን አወረዱ። ሀቢቡ ቀጥ ብሎ ቆመ።
"ቅረብ እንጂ!" አልኩት።
"ጌታዬ፣ ነጠላ ተነጥፏል።"
ለክብራችን ያነጠፉልን መሰለኝ! እንደ እንግዳ። ፈገግ ብዬ ረግጬው አለፍኩ። አለሙም ተከተለኝ።
ገበሬዎቹ ዱላቸውን መልሰው አነሱ። ከዚያ ድንጋይ ዘነበ... ሀቢቡ እኔን ሊያወጣ ሲገባ ዓይኑን ተመታ።

የካቲት 28
አታት ሆስፒታል ሄጄ ሀቢቡን ጠየቅሁት። አንድ ዓይኑ ጠፍቷል።
"በእኛ አገር ሴት ነጠላዋን ካነጠፈች ጠቡ አበቃ። የረገጠ ጠብ ፈለገ ማለት ነው።"
"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"
"ነገርኩዎት እኮ።"
ሻምበል የሚያውቁት ባዶ እጃችንን ሄደን መመታታችንን ብቻ ነው። ጥፋቱ የትምህርቱ አይደለም፣ የእኔ ነው እላቸዋለሁ። ማዕረጌን ቢገፍፉኝም... ነገ።

መጋቢት 1
አልነገርኳቸውም።

መጋቢት 5
ጠመንጃው ተመለሰ። ሻምበል ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። "ማስተማር ትችልበታለህ፤ ተኩሱንም አንተው አሠልጥን።"
"እሺ ጌታዬ።"
ዒላማ ተከልን። እግር እግሩን አነጣጥሩ አልኳቸው። አለሙ ዞር አለና፣ "እግሩን የተመታ ሰው እኮ ቆይቶ ይከሰናል!"
ሁሉም ሳቁ።
እኔም ሳቅሁ።