በጆሮ የተነገረውን ድምፅ በአደባባይ ያሰሙት የአቶ እምሩ ካሣ የሕይወት ታሪክ

አቶ እምሩ ካሣ ከአባታቸው ከግራዝማች ካሣ ዘነበ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ለተ ማርያም አበበ እ.ኤ.አ. በ1930 በደብረ ታቦር ተወለዱ። እናታቸው "የእኔ ልጅ ቂሙን በጥርሱ ነክሶ የሚያድር ነው" ይሉ ነበር፤ እኛም ይህን ደብቀን አንቀብራቸውም።

ፊደል ከቤተ ክህነት ቆጥረው፣ ሁለተኛ ደረጃን አዲስ አበባ ጨርሰው፣ እንግሊዝ አገር በመምህርነት ተመረቁ። በ1959 በሰላማዊ ውቅያኖስ በቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረችው በታሉሞ ደሴት አስተማሪ ሆነው ተቀጠሩ።

በ1961 ደሴቲቱ የመጀመሪያውን የሕግ አውጪ ምክር ቤት ምርጫ አደረገች። ማንበብ የማይችለው መራጭ የሚፈልገውን ሰው ስም በመዝጋቢው ጆሮ ይናገራል፤ መዝጋቢው ይጽፋል። መዝጋቢው ሆልደን የሚባል የአውራጃ ሹም ነበር። ረዳቱ ሆነው አጠገቡ የተቀመጡት አቶ እምሩ፣ ሕዝቡ የዓሣ አጥማጆቹን መሪ "ፌሌቲ" እያለ ሲያንሾካሹክ፣ ሆልደን የአንድ ባለ እርሻ ስም ሲጽፍ አዩ። በአንዲት ሴት ተራ ላይ ብድግ ብለው "ሴትዮዋ ያሉት ይህን አይደለም!" አሉ። በሦስተኛው ቀን "ሕዝብ አነሳሽ" ተብለው በመርከብ ተባረሩ። ፌሌቲ ተሸነፈ፤ ጀልባውንም ተነጥቆ በብስጭት ሞተ።

አቶ እምሩ አገራቸው ተመልሰው አስተማሩ። በ1964 ወይዘሮ ፀዳለ መንገሻን በተክሊል አግብተው ሠናይትንና አምሐን ወለዱ። በ1982 በሱዳን በኩል ወደ አሜሪካ ተሰደው ኦክላንድ ገቡ፤ ታክሲ ነዱ።

በ1985 አንድ ተሳፋሪ ጥሎት በወረደው ጋዜጣ ላይ የሆልደንን ፎቶግራፍ አዩ። ጡረታ ወጥቶ እዚያው አጠገባቸው አላሜዳ ከተማ ይኖራል፤ "የደሴቲቱ ዴሞክራሲ አባት" ተብሎ ሊሸለም ነው። ወይዘሮ ፀዳለ "እባክዎ ለእግዚአብሔር ይተዉት" ቢሏቸው፣ "ጋዜጣውን ማን ላከልኝና!" አሉ።

ሰባት ወር ሙሉ ከሺፍት በኋላ ሳን ሆዜ ድረስ እየነዱ የደሴቲቱን ተወላጆች በየጸሎት ቤታቸው ፈለጉ። በዚያ ምርጫ የመረጡ አሥራ አንድ ሰዎች አገኙ። በመጋቢት 1986 ዳውንታውን ወዳለው የሽልማት አዳራሽ ሁሉንም ይዘው ገቡ። ጥያቄ ያለው ሲባል ማይክራፎኑን ለአንዲት አሮጊት አቀበሉ።

"ያኔ በጆሮህ የነገርኩህ ፌሌቲ ብዬ ነው" አሉት አሮጊቷ።

አሥሩም ተከተሉ፤ እያንዳንዳቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ፌሌቲ!" አሉ። ሆልደን ሽልማቱን ወንበር ላይ ጥሎ በጓሮ በር ወጣ። አቶ እምሩ እስከ መኪናው ተከትለው በሩን ከፈቱለትና "አሁንስ ሰማህ?" አሉት። ያን ቀን እንደ ሙሽራ ደስ ብሏቸው ዋሉ።

ሆልደን የይቅርታ ደብዳቤ ሲልክላቸው "ለፌሌቲ ልጆች ጻፍ" ብለው መለሱለት። በጉበት ሕመም አልጋ ሲይዙ፣ የንስሐ አባታቸው ቄስ አክሊሉ ይቅር እንዲሉ ለመኗቸው። "የእኔን ትቻለሁ፤ የእነሱን የመተው ሥልጣን ግን የለኝም" አሉ።

ሐምሌ 9 ቀን 1988 በተወለዱ በ58 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና እህታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ በሐዘን ላይ ናቸው። ሆልደን እስከ ዛሬ ለፌሌቲ ልጆች አልጻፈም። የሆልደን አድራሻ ሠናይት ዘንድ አለ፤ አባቷ አደራ ብለው የሰጧት እሱን ነው።

የእውነት ፈራጅ የሆነ አምላክ ነፍሳቸውን ከጻድቃን ጎን ያሳርፍልን፤ ለእኛም ብርታታቸውን ያውርሰን። አሜን።