የታጠቡት ስድስት ድንጋዮች

ሰኞ፣ ጥር 6
ለሰው ብናገረው መሳቂያ እሆናለሁ... የባሌን ድንጋዮች አጠብኩ። በሳሙና! ልብስ ከዘፈዘፍኩ አይቀር ብዬ የድንጋዮቹን ሳጥን እንዳለ ሳፋው ውስጥ ገለበጥኩት። ተመልሼ ሳይ ስማቸው የተጻፈባቸው ወረቀቶች ተላቅቀው ውሃው ላይ ተንሳፍፈዋል። ስድስት ድንጋይ፣ ስድስት ወረቀት። የትኛው የየትኛው ነው?

እሱ ለስልጠና ሄዷል፤ ሐሙስ ይመለሳል። ዓርብ ተማሪዎቹን በነዚሁ ድንጋዮች ይፈትናል። ወረቀቶቹ ደግሞ ሳጥኑን ያወረሱት ሟች መምህሩ በእጃቸው የጻፏቸው ናቸው። ምን ነካኝ?

ማክሰኞ፣ ጥር 7
ደወለ። «ሳጥኔ ደህና ነው?»
«ምን ይሆናል ብለህ ነው?» አልኩት።

በመልክ ልለያቸው ሞከርኩ። ሦስቱ ነጭ ናቸው፤ እህትማማች ይመስላሉ። ቢጫው ግን ወርቅ ነው። ይሄስ አያሳስትም! ባሌ ወርቅ ደብቆኝ ነው የኖረው? ለማን ብሎ?

ረቡዕ፣ ጥር 8
እብነ በረድ ቆራጩ ጎረቤታችን ጋ ሄድኩ፤ ድሮ ማዕድን ማውጫ ሠርቷል።
«እትዬ፣ ድንጋይ በመልኩ ይታወቃል ያለዎት ማነው? መልክማ እኔም ነበረኝ!»

አንዱን ነጭ በጥፍሩ ቢፍቀው ተፋቀ፤ ጂፕሰም። ሁለተኛው ላይ ኮምጣጤ ጠብ ሲያደርግበት አረፋ ደፈቀ፤ ካልሳይት። ሦስተኛው መስታወት ጫረ፤ ኳርትዝ። በስሱ በስሱ የሚላጠው ሚካ ሆነ። «ወርቄን» በሴራሚክ ንጣፍ ጀርባ ላይ ቢያሰምረው ጥቁር መስመር ወጣ። ፓይራይት ነው አለኝ፤ ወርቅ መሳይ እንጂ ወርቅ አይደለም። ባሌን በከንቱ አማሁት።

የቀረው ጥቁሩ ነው። የቀረው ወረቀት «ሄማታይት» ይላል። ቆራጩ አሰመረውና ራሱን ነቀነቀ። «ሄማታይት እሱ ቢጠቁርም መስመሩ ቀላ ያለ ነው። የዚህ መስመር ግን ጥቁር ነው። አይደለም።»

አይደለም? ታዲያ ሌላ ወረቀት ከየት ላምጣ? ሳፋውን ገለበጥኩ፣ ፍሳሹን በረበርኩ... ሰው ዕቃ ይጠፋበታል እንጂ የማያውቀው ድንጋይ ይመጣበታል?

ሐሙስ፣ ጥር 9
ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ነገርኩት። ወረቀቶቹን አየ። አንድ በአንድ በመዳፉ ማቃናት ጀመረ። ምነው በሰደበኝ...
«አምስቱን ለይቻቸዋለሁ። ጥቁሩ ግን ሄማታይት አይደለም» አልኩት።
«አንቺ ሴትዮ፣ ማጠብሽ ሳያንስ ልታስተምሪኝ ነው? አሥራ አንድ ዓመት ያስተማርኩበት! መምህሬ የጻፉት!»
«አሰምረዋ» ብዬ ከቆራጩ ያመጣሁትን ንጣፍ ሰጠሁት።

አሰመረ። ጥቁር። ደግሞ አሰመረ። ጥቁር። ከፍሪጁ በር ላይ ማግኔት ነቅዬ ሰጠሁት፤ ጠቅ ብሎ ተለጠፈበት። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።
«ማግኔታይት ነው... አምና አንዷ ልጅ እንደዚህ ብላ ጽፋ ነበር። ስትከራከረኝ ከክፍል አስወጣኋት። ወደቀች። ዘንድሮ እየደገመች ነው።»

መምህሩን እንዴት ይጠርጥር? ልጅቷስ ምን አጠፋች? ለማን እንደማዝን ግራ ገባኝ።

ዓርብ፣ ጥር 10
በጠዋት ተነሳ። ለጥቁሩ ድንጋይ አዲስ ወረቀት ጻፈ፤ የመምህሩን አልጣለውም፣ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከፈተናው በፊት ልጅቷን በክፍሉ ሁሉ ፊት ይቅርታ ሊጠይቅ ነው። እኔን እንኳ በትዳራችን አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም!

በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለ። «ምን ብዬ ልጀምር?»
እኔን ጠየቀኝ። ድንጋይ አጣቢዋን።
«በስሟ ጥራት» አልኩት።

ሳጥኑን አቅፎ ሄደ። ምን እንዳለችው፣ ሲመለስ ፊቱን አይቼ እዚሁ እጽፈዋለሁ።