ሙሉ ነው ያልኩት መጽሐፍ

ማክሰኞ፣ የካቲት 6 ቀን

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንዴት ብዬ እንደምጀምረው አላውቅም። ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። አንተን ከአባባ ጋር ያጣላችህ ገጽ እኔ ጋ ናት።

ጡረታ የወጡት መምህር የተበታተነ መዝገበ ቃላታቸውን አባባ መጠረዣ ቤት ሊያስጠርዙ ያመጡ ጊዜ፣ እንደ ልማዳችን ገጹን የቆጠርኩት እኔ ነኝ። አንዷ ገጽ ላይ «ሆም» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አየሁ። ትምህርት ቤት «ቤት ማለት ነው» ተብለን ያለፍነው ቃል፣ እዚያ ግን ፍቺው ግማሽ ገጽ ሞልቷል። ከጎኑም በላቲን «ዶሙስ» ይላል። አንብቤ ልመልሳት ደብተሬ ውስጥ ሸጎጥኳት። ወዲያው «ሙሉ ነው?» አልከኝ። አፍሬ «ሙሉ ነው» አልኩህ። አንተ ደግሞ እኔ ሙሉ ነው ካልኩ ደግመህ አትቆጥርም። ከምሳ ስመለስ ሰፍተኸዋል፣ ማጣበቂያውም ደርቋል።

መምህሩ «አንድ ገጽ ይጎድለዋል» ብለው መጽሐፉን መልሰው ሲያመጡ አባባ «እጅ እንጂ ዓይን አልፈጠረብህም! ስሜን አጠፋኸው» ብሎ ጮኸብህ። «የቆጠረችው እሷ ናት» ማለት ትችል ነበር። አላልክም። አየኸኝ ብቻ፤ ከዚያ ሻንጣህን አነሳህ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ የኔ የተዘጋ አፍ ግን አንተን ከቤት አስወጣህ።

ዛሬ መምህሩ ሌላ መጽሐፍ ይዘው መጡ። ድፍረቱ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ ስለ ቃሉ ጠየቅኳቸው።

«ጭምቷ! አፍ አለሽ ለካ!» ብለው ሳቁ። «ሆም ግድግዳው ብቻ አይደለም፣ ሰው የኔ ብሎ የሚመለስበት ነው። ዶሙስም ቤቱን ይላል፣ ቤቱ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ይላል፣ የተወለዱበትንም አገር ይላል።» ከዚያ ወዲያ ወዲህ አዩና አባባን «ያ ቀጭኑ ልጅዎስ?» አሉት።

አባባ መርፌ ላይ ክር እያስገባ ነበር። «መንገድ ሄዷል፤ ይመለሳል» አለ። ክሩ ግን እምቢ አለው። ወንበርህ ላይ እስካሁን ማንንም አያስቀምጥም።

አድራሻህን የሰጠችኝ አክስታችን ናት። ሳልህ ተሻለህ? በብርድ ደረትህን አትክፈት። ባለህበት ደግ ሰው ይግጠምህ፣ እጅህንም መርፌ አይውጋው።

ነገ ጠዋት፣ አባባ የመምህሩን አዲስ መጽሐፍ «ቁጠሪ» ሲለኝ፣ መጀመሪያ ያቺን ገጽ ፊቱ አስቀምጣለሁ። «ያኛው ሙሉ አልነበረም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ» እለዋለሁ። አንተን ይቅር በለኝ የምልህ ከዚያ በኋላ ነው።

እህትህ፣ ጭምቷ