የዘአማኑኤል መጠቅለያ

ቃሊቲ፣ ጥቅምት 2006 ዓ.ም.

ለእናቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ይህን በስልክ ልነግርሽ አልወደድኩም። መነጽርሽን አድርገሽ ራስሽ አንብቢው፤ ለጎረቤት እንዳታስነብቢ።

ዘአማኑኤልን ያንቀጠቅጠው ጀመር ብዬሽ አልነበር? ሐኪሙ ጭንቅላቱ በኤምአርአይ ይታይ አለ። ጡት ሳይጠባ፣ ሳይተኛ አምጡት ተባልን። እስቲ አስቢው! ሚኒባስ ውስጥ እሱ ይጮሃል፣ እኔ እንዳይተኛ እግሩን እኮረኩራለሁ፣ ሰው ሁሉ እንደ እንጀራ እናት ያየኛል። የሆነ ነገር ሊሠሩበት ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ለካ እዚያው ጠብቶ፣ ተጠቅልሎ፣ ያለ ማደንዘዣ እንዲተኛ ኖሯል። ማሽኑ ስለሚጮህ ጆሮውን ሲሸፍኑለት እንኳ ዓይኔን ከእጃቸው አልነቀልኩም።

ጠብቶ እንቅልፍ እንደወሰደው ሁንዴ የሚባለው ባለሙያ የብረት መፈተሻውን በላዩ አሳለፈ። መፈተሻው ጮኸ። መጠቅለያውን ሲዳብስ ጠርዙ ውስጥ የተሰፋች መርፌ አገኘ። ማሽኑ ብረት በኃይል ይስባል፤ ይዟት ቢገባ ኖሮ ዓይኑን ልታጠፋው ትችል ነበር አለን። ወይኔ ልጄን! በሆስፒታሉ አንሶላ ጠቅልለው አስገቡት፤ እንደተኛ ወጣ።

ማንን እንደጠረጠርኩ አይጠፋሽም። ልጁን በየቀኑ የሚጠቀልሉትን አማቴን እትዬ አቻምየለሽን፣ በልጃቸው በባሌ በካሳሁን ፊት፣ ልጄን ምን ሊያደርጉብኝ ነው አልኳቸው። ነጠላቸውን አንስተው ሳሪስ ሴት ልጃቸው ቤት ሄዱ፤ እስካሁን ቤቴን አልረገጡም።

ትናንት ያንን አንቺ የላክሽልንን መጠቅለያ ላጥብ ሳወጣ ስፌቱን አየሁት። ድርብ ስፌት ነው፣ መጨረሻው ላይ ሦስት ቋጠሮ። አንቺ የሰፋሻቸው የልጅነት ቀሚሶቼ ሁሉ እንዲሁ ነበር የሚያልቁት። ከእኔ በፊት የቀበርሻቸው ሁለቱ ወንድሞቼ ትዝ አሉኝ። ብረት ያለበትን ሕፃን ክፉ አይነካውም ስትይም ሰምቼሽ አውቃለሁ። አልተናደድኩም ብል ዋሸሁ፤ ተናድጄ፣ ከዚያ አለቀስኩ። ለካሳሁን ገና አልነገርኩትም።

ምስሉ ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ ማንቀጥቀጡ ቀንሷል። ጥር ላይ ደግመው ያዩታል። ከዚያ በፊት ነይልኝ። መጀመሪያ ግን ሳሪስ እንሄዳለን። እግራቸው ላይ የምወድቀው እኔ ነኝ፤ አንቺ አጠገቤ ብትቆሚ ይበቃኛል።

አምላክ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ዘአማኑኤል በእግሩ ሮጦ ሲቀበልሽ ለማየት ያብቃሽ።

ልጅሽ

ስትመጪ የስፌት ዕቃሽን እዚያው ተይው፣ እማዬ።