ማን ፈረመ ብለው የጠየቁት መምህርት

መምህርት እህታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ከገበያው በስተጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከዛሬ ሰባ ስምንት ዓመት በፊት ተወለዱ። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ታናሽ ወንድማቸውን፣ ማለትም ይህን የጻፈውንና አሁን በሽኝታቸው ላይ የሚያነብላችሁን፣ አዝለው አሳድገዋል።

ትምህርታቸውን አጠናቀው በሃያ ዓመታቸው የሒሳብ መምህርት ሆኑ። ተማሪ መልሱን ብቻ ጽፎ ቢያመጣ አይቀበሉም፤ እንዴት እንደደረሰበት ቆሞ እንዲያስረዳቸው ያደርጉ ነበር። በሃያ ሦስት ዓመታቸው የአውቶቡስ ሹፌር አግብተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ነፍሳቸውን ይማርና ባለቤታቸው፣ ቤት ውስጥ መሪውን የያዘችው እሷ ናት፣ እኔ ትኬት ቆራጭ ነኝ እያሉ ይቀልዱ ነበር።

በንጉሡ ዘመን፣ ለዘውዱ በዓል ይድረስ ተብሎ የትምህርት ቤቱ አዲስ ሕንፃ በጥድፊያ ተሠራ። በተመረቀ በሦስተኛው ዓመት፣ በአንድ ዝናባማ ረፋድ፣ የጎን ግድግዳው ተደርምሶ አራት ተማሪዎችን ገደለ። አንዱ የስምንት ዓመት ልጃቸው ነበር። እሳቸው በሚቀጥለው ክፍል ማካፈል እያስተማሩ ነበር፤ ሮጠው ድንጋዩን በእጃቸው አነሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው፦ ያንን ግድግዳ ደህና ነው ብሎ የፈረመው ማን ነው?

ጥያቄያቸውን ይዘው ሲሄዱ፣ አገረ ገዥው ከወንበራቸው ተነስተው ተቀበሏቸው። አብረዋቸው አለቀሱ። ግድግዳው እንደገና እንዲሠራ አዘዙ፤ በወሩም ተሠራ። ማን ፈረመ ሲባሉ ግን፣ እሳቸው የሚጠየቁት በንጉሡ ብቻ፣ ንጉሡም በፈጣሪ ብቻ እንደሆነ ነግረው በትህትና ሸኟቸው።

ሃምሳ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ንጉሡ ወረዱ፤ ምርጫ መጣ። መምህርቷ ከሰው ሁሉ ቀድመው ተሰለፉ። የመጀመሪያው ተመራጭ አስተዳዳሪ ጥፋቱ የቀድሞው ሥርዓት ነው ብለው ተገላገሉ፤ እህታችን ቤት ለቤት ዞረው በሚቀጥለው ምርጫ አወረዷቸው። ሁለተኛው ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ኮሚቴው ንዑስ ኮሚቴ ወለደ። ሦስተኛው፣ ዛሬ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት፣ አስራ አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው አስባሉ። የቢሮው ሠራተኞች «እማማ ማን ፈረመ» የሚል ስም አውጥተውላቸው፣ ሲመጡ በመስኮት እያዩ ይሳሳቁ ነበር። የሳቃችሁ እዚህ አላችሁ። የአበባ ጉንጉን ይዛችሁ መጥታችኋል። ከሦስቱ ተመራጮች አንዳቸውም አንድ ቀን እንኳ ወደ መዝገብ ቤት ወርደው ያንን ፋይል አላስወጡም።

በዚያ መዝገብ ቤት ሠላሳ ስምንት ዓመት ያገለገለው ታናሽ ወንድማቸው፣ በየእሑዱ ምሳ ላይ ንጉሡ ይሻሉ ነበር እያለ ይሞግታቸው ነበር። የሚንኳኳው በር አንድ ነበር፣ አንኳኩተሽም ተከፈተልሽ ይላቸዋል። አንድ እሑድ ሹካቸውን አስቀመጡና እንዲህ አሉት፦

«መስማቱማ አገረ ገዥውን ምን ያስከፍላቸው ነበር? ማን ከወንበራቸው ሊያነሳቸው? እነዚህ ተመራጮች የሚሸሹኝ ስለሚፈሩኝ ነው፤ እኔ የሚፈራኝ ይሻለኛል። አንተ ግን ያን ሁሉ ዓመት መዝገብ ቤት ተቀምጠህ፣ አንድ ወረቀት እንዴት ታጣለህ?»

ወንድማቸው ወሬውን መልሶ ወደ ንጉሡ ወሰደው።

እህታችን ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ዓመት ሙሉ በነርስ ልጃቸው እጅ ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ጥዋት በሰባ ስምንት ዓመታቸው አርፈዋል። በሕይወት ያለች የአንዲት ሴት ልጅ እናት፣ የሁለት ልጆች አያትና የአንድ ወንድም እህት ነበሩ።

ወረቀቱ አልጠፋም። መሐንዲሱ መሠረቱ በቂ ጥልቀት የለውም፣ አልረከብም ብለው ጽፈውበታል። ከሥሩ አገረ ገዥው፣ እነዚያው አብረዋቸው ያለቀሱት፣ «ይመረቅ» ብለው ፈርመዋል። ማህተሙን የመታው የሃያ ሁለት ዓመቱ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ፣ ታናሽ ወንድማቸው ነው። መሐንዲሱ የጻፉትን አንብቦ ነው የመታው። ግድግዳው በወደቀ ማግስት ወረቀቱን ከፋይሉ አውጥቶ ቤቱ ወሰደ፤ እህቱ መዝገብ ቤት መጥተው ሲጠይቁት፣ ፊታቸውን እያየ፣ የለም አለ። ንጉሥ ይሻላል ምርጫ ይሻላል እያለ ዕድሜውን ሙሉ የተሟገተው ይህን ላለመናገር ነው። አሁንም የተናገረው እሳቸው ወደማይሰሙበት ከሄዱ በኋላ ነው።

ወረቀቱ በያዛችሁት ጽሑፍ የጀርባ ገጽ ላይ እንዳለ ታትሟል፤ ገልብጣችሁ አንብቡት። ዋናውን ልጃቸው ይዛዋለች፤ ነገ ጥዋት ፍርድ ቤት ታስገባዋለች።

ፈጣሪ የእህታችንን ነፍስ ከወንድ ልጃቸው ጎን ያሳርፍልን። ለሴት ልጃቸውና ለልጅ ልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥ። ከቀብር መልስ ግን ወንድማቸውን ማንም እግዜር ያጽናህ እንዳይለው።