በየአጥሩ ሥር ያደረው ምስል

ለውድ እናቴ ለወይዘሮ እንጉዳይ፣

እንዴት ነሽልኝ እማዬ? ጉልበትሽ እንዴት ከረመ? ያ ብርድ ሲሆን የሚነሳብሽ ቁርጥማት ተወሽ? አባባስ ሳሉ ተሻለው? ከብቱ፣ ጓሮው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም። ባለቤቴ ዴክላንም ደህና ነው፤ ከላሞቹ ጋር ሲነታረክ ይውላል።

ስለ ሰርጌ በስልክ ስትጠይቂኝ እንባ አንቆኝ ዘጋሁብሽ። ከፍቶኝ እንዳይመስልሽ፤ ረጋ ብዬ ልጻፍልሽ።

በአባባ ሕመም የተነሳ መምጣት እንደማትችሉ የነገርሽኝ ዕለት "ወገን በሌለበት ማን ሊድርሽ ነው?" ያልሽው ከሆዴ አልወጣ ብሎ ነበር። የዴክላን የአጎትና የአክስት ልጆች ብቻቸውን ቤተ ክርስቲያን ይሞላሉ። በእኔ በኩል ያለው ወንበር ባዶውን እየታየኝ እንቅልፍ አጣሁ።

የዚህን አገር ሰው መቼም ስነግርሽ ኖሬአለሁ። እንግዳ ሻይ አልፈልግም ቢል እንደኛው መግደርደር ነው ብለው ይቀዱለታል። ስልክ ሊዘጉ ሲሉ "ቻው ቻው ቻው" ሲሉ ሻዩ ይቀዘቅዛል። የሆዳቸውን ግን አይናገሩም፤ ስለ ዝናብ ያወራሉ። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ጋሽ ፖዲ እስከ ሰርጉ ድረስ የሰጡኝ ሰላምታ ከትራክተራቸው መሪ ላይ አንዲት ጣት ማንሳት ብቻ ነበር።

ሰርጉ ሲቃረብ ጎረቤቴ እማማ ፊሎሚና በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ከች አሉ። ሲገልጡት ዘውድ የደፋ የሕፃኑ ኢየሱስ ምስል ነው፤ አንገቱ በሙጫ ተጣብቋል። "በሰርግ ዋዜማ አጥር ሥር ይወጣል፣ ዝናቡን ይይዝልሻል" አሉኝ። አንገቱ ምን ሆኖ ነው ብላቸው፣ "ካልተሰበረማ መች ይሠራል! ግን አውቀሽ ብትሰብሪው ዋጋ የለውም፣ በራሱ ነው መውደቅ ያለበት" አሉ። እኔ ቅዱስ ምስል ውጭ ማሳደር ኃጢአት እንዳይሆን ስሰጋ፣ እሳቸውን ሌላ ነገር ከበዳቸው። "የምታወጣው እኮ የሙሽራዋ እናት ናት" አሉ። ከዚያ ስለ ዝናብ ትንሽ አወሩና ምስሉን መልሰው ጠቅልለው ሄዱ። ምስሉ እንኳ እናቷ የራቀችን አይወድም ብዬ አኩርፌ ተኛሁ።

የሰርጉ ጠዋት ዝናቡ ዶፍ ነው። መኪናችን ከግቢ ሲወጣ የእማማ ፊሎሚና ምስል በራቸው ሥር ቆሟል። ከቀጣዩ ቤት አጥር ሥር ሌላ። ከዳቦ ቤቱ ደጃፍ ሌላ፤ ከአስተማሪዋ አበባ መሃል ደግሞ ጨርሶ ራስ የሌለው። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ እንዲሁ ነው። ለካ እማማ ፊሎሚና "እናቷ ስለሌለች እኛ እናውጣላት" ብለው ቤት ለቤት ዞረው ኖሯል። ጋሽ ፖዲ ደግሞ የሟች እናታቸውን ምስል አውጥተው፣ ዝናብ እንዳይመታው ጃንጥላ ይዘውለት ቆመዋል! ሲያዩኝ አንዲት ጣታቸውን አነሱልኝ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

ስገባ ደግሞ በእኔ በኩል መቀመጫ ጠፍቶ ሰው ቆሟል፤ ዴክላን "የኔን ጎረቤቶች ወሰድሽብኝ" አለኝ። ስንወጣም ዝናቡ አላባራም። "ታዲያ ምስላችሁ ምን ሠራ?" ብዬ ብቀልድ፣ ጋሽ ፖዲ "ባናወጣውማ በጀልባ ነበር የምትሄጂው" አሉኝ። ከአፋቸው ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

እንግዲህ እማዬ፣ ማን ሊድርሽ ነው ላልሽው፣ ሰፈሩ ሁሉ እናት ሆኖ ዳረኝ። ሆድሽ ይረፍ።

ለአባባ ጉልበቱን ሳሚልኝ። አጎቴ ምትኩንና እትዬ የሺመቤትን እንዴት ናችሁ በይልኝ። ለታናሼ ለወይንሸት ደግሞ እማማ ፊሎሚና በጥር የሚሆነውን የሰርጓን ቀን ጠይቀው ይዘዋል፤ በዋዜማው ምስሉን እዚህ ያወጡላታል። በጥር እኛ አገር ዝናብ ጠብ አይልም ብላቸው፣ "እንግዲያማ እናትሽ ቀድማኝ አውጥታለች" አሉኝ።

ልጅሽ ወለላ
ክሌር፣ አየርላንድ
ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.